የደራሲ ድካምና የነጋዴ ትርፍ

በሾላ ገበያ ሸቀጥ አንሥቶ ሳይከፍል የሚሄድ ሰው «ሌባ» ተብሎ እንደሚያዝ የታወቀ ነው። የደራሲን መጽሐፍ ሙሉውን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ የሚሸጠውን ግን ብዙዎቻችን እንደ ብልህ ነጋዴ እንቈጥረዋለን።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መምህሩ ከታተመ ሥራ ለማስተማር የሚበቃውን ያህል እንዲያባዛ ይፈቅድለታል፤ ምንጩንና የደራሲውን ስም መጥቀስ ግን ግዴታው ነው። ይህ ፈቃድ ለትምህርት እንጂ ለንግድ የተሰጠ አይደለም፤ መጽሐፉን በሙሉ በቴሌግራም ለሕዝብ መበተንንም አይጨምርም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ፥ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል።

የንግድ ምልክታችን ሲሰረቅ አቤት የምንል ነጋዴዎች፥ ለጊዜው ገበያ ቢቀርብን እንኳ፥ የደራሲውንም ድካም እንደ ገዛ ንብረታችን ልናከብርለት ይገባናል።