የመሠረት ድንጋይ ለምንመርቅ ሽማግሌዎች

እኩዮቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቱ አይደለም። ከተማው አንድ ነገር ሊያከብር ባሰበ ቁጥር መኪና እየተላከላችሁ፣ ነጭ ለብሳችሁ የፊት ወንበር ላይ ለምትቀመጡት ነው፤ ለቀድሞ ኳስ ተጫዋቾች፣ ለጡረተኛ ተዋንያንና ሙዚቀኞች፣ ለእድር ዳኞች፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ በየክፍለ ከተማው የአገር ሽማግሌ ተብላችሁ ስማችሁ መዝገብ ላይ ለሰፈረ ሁሉ። ደግ ወሬ ይዤ አልመጣሁም፤ ታገሡኝ።

መንግሥት ለኪነ ጥበብ፣ ለባህልና ለስፖርት ገንዘብ አያወጣም የሚል ሰው ካለ ነገሩን አላየውም። ያወጣል። የሚያወጣው ግን ለግንብ ነው። ግንቡ ውስጥ ሊኖር ለሚገባው ሥራ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። ሠርግ አሳምሮ ደግሶ ለሙሽሮቹ ጎጆ መውጫ እንደነፈገ ወላጅ ማለት ነው። የሠርጉ ዕለት የምንጠራው መራቂዎች ደግሞ እኛ ነን። ምርቃታችን ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ሕዝቡ ሽማግሌ የቆመበትን ነገር ተመርምሮ ያለቀ አድርጎ ይቀበለዋል። ሹሙም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚጠራን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከበጀቱ ልጀምር። የመንግሥት ወጪ ካፒታልና መደበኛ ተብሎ ይከፈላል። ካፒታሉ ስታዲየሙን፣ አዳራሹን፣ ሐውልቱን ያቆማል። መደበኛው ደመወዙን፣ መብራቱን፣ ውኃውን፣ ጽዳቱን፣ ጥገናውን ይከፍላል። ካፒታሉ በዜና ይነገርለታል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፈንዲሻ ይበተንለታል። ለሣር ማጠጫ፣ ለሽንት ቤት ቧንቧ፣ ለመድረክ መብራት መለዋወጫ የሚል መስመር ግን ማንም መድረክ ላይ ወጥቶ ሲመካበት አልሰማሁም። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው፤ ቢቀነስ በዚያው ዓመት የሚጮህ የለማ! ሰኔ 30 ሲቃረብ ደግሞ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ሊመለስ ስለሆነ ጥድፊያ ይነሣል። ያን ጊዜ የሚገዛው የሚያስፈልገው ዕቃ ሳይሆን ቶሎ የሚገኘው ነው። መሥሪያ ቤት ያገለገላችሁ ይህን ከእኔ አትማሩትም።

ኳሱን እንይ። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል፣ ከእናንተ መካከል በዓይኑ ያየ አለ። ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደገና ግብፅን 2 ለ 0 ረታን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ ስታዲየም ገብታችሁ ያያችሁ አላችሁ? በመዝገብ የሜዳችን ጨዋታ ነበር፤ የተደረገው ግን ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ኅዳር 2014፣ ጋናን ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ከዚያ ጨዋታ አንድ ወር ቀደም ብሎ ባሕር ዳር ላይ የገጠምነው የደቡብ አፍሪካን ቡድን ነበር። በመስከረም በሜዳችን የተጋጠምነውን አገር በኅዳር ሜዳህን አውሰን አልነው።

ለምን? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሜዳዎቻችንን ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ስለዘጋብን። የባሕር ዳሩ ስታዲየም እኮ ትንሽ አይደለም፤ ከ50 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሌሶቶን ስናስተናግድበት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሕዝቡ ግን ለዓመታት የተቀመጠው በባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው። ዛጎሉ ቆሞ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ የውስጥ ክፍሉ ለነገ ሲባል ነገው ራሱ አለፈ። አዲስ አበባ ስታዲየምም፣ ያ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ያየ ሜዳ፣ ተዘግቶ ዓመታት በፈጀ እድሳት ውስጥ ገባ። ሣሩና መልበሻ ክፍሉ በየዓመቱ በጥቂት ገንዘብ ቢጠበቅ ኖሮ እድሳቱ ይህን ያህል ባልከበደ ነበር።

ቦሌ ላይ ደግሞ አደይ አበባ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር ከ60 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ የአገሪቱ ትልቁ ስታዲየም ተባለ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከ2 ቢሊዮን ብር በላይ ጠየቀ። ከዚያ የውጭ ምንዛሪ፣ የዋጋ ንረት፣ የውል ክርክር እየተባለ ቁመቱ ታይቶ በሩ ሳይከፈት ዓመታት ተቆጠሩ። መንግሥትን ብቻ ለመውቀስ አይደለም፤ የብርን መውደቅ ማንም ሹም በቃሉ አያቆመውም። እኔ የምለው፣ የግማሹ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሙሉው ሥዕል ለሕዝብ ሲታይ ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ ቀሪውስ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. ለአገር ውስጥ ተጫዋቾች የሚደረገውን የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ ቻንን፣ የማስተናገድ ዕድል አጥተን ለካሜሩን አሳልፈናል። ዝግጁ አልነበርንምና።

አሁን ደግሞ የአፍሪካን ዋንጫ ለማስተናገድ አገራችን ፍላጎቷን ገልጻለች። የዛሬው ጭንቀቴም ከዚህ ይነሣል። ዋንጫው ቢሰጠን ደስታዬን አልሸሽግም፤ ሳልሞት ባየው እወዳለሁ። ነገር ግን ድግስ ሲቃረብ ግንብ ይበዛል፤ ጥሪውም ወደ እኛ ይጎርፋል። በየከተማው የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል። ጥቂት ሳምንት ለሚቆይ ውድድር የሚሠራው ሜዳ ውድድሩ ባለቀ ማግስት የማን ዕዳ ይሆናል? የክልሉ? የከተማው? ወይስ ክለቡ ይሸከመዋል?

ክለቡ ካላችሁ አይሸከመውም። አብዛኛው የሊግ ክለባችን ራሱ ከከተማና ከክልል ካዝና የሚመገብ ነው። የከተማው ገንዘብ ወደ ክለቡ ሲገባ የሚሄደው ከሌላ ከተማ ለመጣ ተጫዋች ፊርማና ደመወዝ ነው። ነገሩ ልጓም አጥቶ በ2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀ፤ ጣሪያው መክበሩን ግን እኔ አላምንም። በ2013 የውድድር ዘመን የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየዞረ ተካሄደ። የሌሎቹ ከተሞች ደጋፊ በገዛ ግብሩ የሚተዳደረውን ቡድን በቴሌቪዥን አየ። ያው ገንዘብ ለሰፈር ሜዳና ለታዳጊ አሠልጣኝ ቢውል ይሻላል ብል ከእናንተ መካከል የክለብ ቦርድ አባል የሆነው ይቆጣኛል። ይቆጣ።

ወደ ቴአትሩ ልምጣ፤ ይህ ለእኔ ከኳሱ የበለጠ የሚያቃጥል ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወርረን ሲያሰፈስፍ ማኅበር ሆኖ ሲቋቋም፣ ጉልበቱ ሰዎቹ ነበሩ፤ አዝማሪው፣ ተናጋሪው፣ ሕዝብ ሰብስቦ የሚቀሰቅሰው። ብሔራዊ ቴአትርን እዩ። ግንቡን ጣሊያን ሲኒማ ሊያደርገው ጀምሮት የቀረ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የ25 ዓመት በዓል ተጠናቆ በመኮንን እንዳልካቸው ድርሰት ተከፈተ። ቤቱን ቤት ያደረገው ግን የሰው ቅጥር ነው። ኦርኬስትራ ተቋቋመ፤ ፍራንዝ ዜልቬከር ከኦስትሪያ መጥቶ መራ፤ ኔርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቀኞችን አሠለጠነ፤ ተዋንያን በወር ደመወዝ ተቀጠሩ። ይህ ሁሉ ዛሬ መደበኛ በጀት የምንለው ነው። ሪባን አልተቆረጠለትም፤ ያስገኘው ፍሬ ግን እስከ ዛሬ በሬዲዮ ይሰማል።

አሁን በየክልሉ ከተማ የባህል አዳራሽ አለ። ብዙዎቹን አይቻለሁ። ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ሥልጠና፣ ቅዳሜ ሠርግ። ቴአትር የሚሠራበት ቀን ከተገኘ መጋረጃው አይሳብም፣ የመድረክ መብራት የለም፣ የድምፅ መሣሪያው ለሌላ ጉባኤ ተወስዷል። የከተማው የኪነት ቡድን ልምምድ የሚያደርገው ኮሪደር ላይ ነው። የወጣት ማዕከላቱም እንዲሁ፤ መጻሕፍት ቤቱ ተቆልፎ የፑል ጠረጴዛውና የእንግሊዝ ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን ብቻ ሲሠሩ ታገኟቸዋላችሁ። ሕንፃው በሪፖርት ውስጥ አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። ውስጡ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ቅጽ ግን አላየሁም።

አንድ ወዳጄ፣ የተከበረ ሰው ነው፣ ይህን ስነግረው ተቃወመኝ። አገር በጦርነትና በድርቅ ቆስሎ፣ ሆስፒታል መድኃኒት አጥቶ፣ አንተ ስለ መድረክ መብራት ታወራለህ? አለኝ። ነገሩ ክብደት አለው፤ በቀልድ አላልፈውም። ሆኖም ገንዘቡ እኮ ወጥቷል! የተቆለፈ አዳራሽም ሆነ ጨዋታ የማይደረግበት ስታዲየም ለሆስፒታሉ አንዲት መርፌ አልገዛም። ችግራችን ከበረታ አንሥራ፤ ከሠራን ግን የምናስተዳድረውን ያህል እንሥራ። ትንሽ ሜዳ ውኃና ጠባቂ ካለው ከትልቅ ባዶ ስታዲየም ይልቅ ብዙ ልጅ ያሳድጋል። በቆጂን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያወጣው አሠልጣኝ በየማለዳው መገኘቱና ልጆቹ የሚሮጡበት መሬት አለመወሰዱ ነው።

መሬት ካልን ጃን ሜዳን አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም. ለኮሮና ሲባል የፒያሳ አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር ጊዜው አስገዳጅ ነበር፤ አልከራከርም። ነገር ግን ጥምቀት የሚከበርበት፣ አገር አቋራጭ የሚሮጥበት ያ ሜዳ ለወራት የጎመንና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ሲከርም፣ ሯጩና ኳስ ተጫዋቹ ወዴት ይሂድ ብሎ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው። ግንብ የሌለበት ሜዳ ጠበቃ የለውም። የኮንዶሚኒየሙ ልጅ መኪና ማቆሚያ ላይ ኳስ የሚለጋው፣ እናንተም በረንዳ ላይ ሆናችሁ መስታወት ሰበረ ብላችሁ የምትቆጡት፣ ሜዳው ስለተወሰደበት ነው።

የየካቲት 2016ቱን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አይቼ ኮርቻለሁ፤ መሥራት አንችልም የሚለውን አፍ ዘግቷል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚያስፈራኝ ስለከፋ አይደለም፤ ስላማረ ነው። ያማረ ነገር ሲያረጅ ማየት ይከብዳልና ከወዲሁ ጠባቂው፣ አስጎብኚው፣ ጠጋኙ በስሙ ይቀጠርለት።

እንግዲህ ጥሪው ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ካባና ጋቢ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ። ይህ ሕንፃ ካለቀ በኋላ በማን መደበኛ በጀት ውስጥ ይገባል? ሣሩን የሚያውቅ ሰው፣ መብራቱን የሚጠግን ባለሙያ ሠልጥኗል ወይ? የሰፈሩ ልጅ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ብር ይገባል? ስብሰባ ከልምምድ ጋር ቢጋጭ የትኛው ይነሣል? የሚያስቀይም ጥያቄ አይደለም፤ ልጁን የሚድር አባት ስለ አማቹ የሚጠይቀውን ያህል እንኳ አይሆንም። ቀጥተኛ መልስ ካላገኛችሁ ምርቃታችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ቆዩ። አንድ ሁለት ጊዜ ፊት ወንበሩ ባዶ ቢሆን ወሬው ይደርሳል፤ ሹሞቻችን ይህን ለመስማት ጆሯቸው ቀጭን ነው።

እስከዚያው በየወረዳው ደጃፍ በጀት የሚለጠፍበት ሰሌዳ አለ፤ ሰኔ ሳይገባ መነጽራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባህልና ስፖርት ከሚለው ሥር ጥገና የተባለውን መስመር ፈልጉና ቁጥሩን ከልጆቻችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ባዶ ከሆነ፣ ለምን ባዶ እንደሆነ ሳይነገራችሁ ከዚያ ደጃፍ አትነሡ።