«ሲስተም የለም» ብቻውን መልስ አይሆንም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት የቆመ ባለጉዳይ አዘውትሮ የሚሰማው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። እኔ በምኖርበት በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ባንኩም፣ ትኬት ሻጩም፣ ጽሕፈት ቤቱም ሥራውን በኮምፒዩተር ስለሚያካሂድ ይህን ቃል የማያውቅ ሰው አይገኝም። ቃሉን የሚናገረው ሠራተኛም ምክንያቱን የሚነግረው ስለሌለ እንጂ ባለጉዳዩን ለማጉላላት አስቦ አይደለም። እንግዲህ ምክንያቱ እንዴት ሊታወቅ እንደሚገባ አጭር አሳቤን ላቅርብ።

ዛሬ ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ኮንቴይነር በተባለ ስልት ነው። ስሙ ከጅቡቲ ተጭኖ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ከሚራገፈው የብረት ሣጥን ስም ጋር አንድ ነው፤ ፕሮግራሙም እንደዚያው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይታሸጋል። ሣጥኖቹን ብዙ ጊዜ የሚያስተዳድረው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ኩበርኔቲስ ሲሆን፣ ስሙ በግሪክ ቋንቋ የመርከብ መሪ ማለት ነው። የፋይዳ መታወቂያችን መሠረት የሆነው ሞሲፕም በዚሁ ስልት እንዲተከል ሆኖ የተሰናዳ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

የዚህ መሪ ጠባይ የወደቀውን ሣጥን መልሶ ማስነሣት ነው። ደግሞ ቢወድቅ 10 ሴኮንድ፣ ከዚያም 20፣ ከዚያም 40 እያለ፣ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ እየጠበቀ ያስነሣዋል። ይህ ማለፊያ ነገር ነው፤ ነገር ግን ማስነሣት ማዳን አይደለም። እኛ መምህራን እንደምናውቀው፣ የወደቀ ተማሪ ያልገባው ምን እንደ ሆነ ሳይመረመር ያንኑ ፈተና ቢደጋግም ውጤቱ አይሻሻልም። ሣጥኑ የወደቀው ከተፈቀደለት በላይ ሜሞሪ ስለ ወሰደ፣ ወይም የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃሉን ስላልተቀበለው፣ ወይም ጤንነቱን የሚጠይቀው ምርመራ ሥራ ሳይጀምር ስለ ቸኮለበት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በመስኮቱ በኩል ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ምርመራ የሚያግዙ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች መጥተዋል። ወኪሉ ብቻውን ምንም አያይም፤ መሣሪያ ሲሰጠው ግን የሣጥኑን ሁኔታ፣ ከመውደቁ በፊት የጻፈውን መዝገብና በቅርቡ የተደረገውን ለውጥ አንድ ላይ ተመልክቶ፣ ባለሙያን ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን ፍለጋ ሊያሳጥር ይችላል። እኔ ይህን አልቃወምም፤ ዳሩ ግን ሦስት ነገር እንዲጠበቅ አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ወኪሉ የማንበብ እንጂ የመለወጥ ሥልጣን አይሰጠው። በመዝገቡ ላይ 137 የሚለውን ቁጥር ቢያገኝ ሣጥኑ በግድ እንዲቆም መደረጉን ይረዳል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሜሞሪ ማነስ ነው። ነገር ግን ሳይመረምር ሜሞሪ ቢጨምርለት፣ የሚያፈስ እንስራ እየሞሉ መዋል ይሆናል። ለለውጡ ኃላፊነቱን የሚቀበል ሰው ይፈርምበት።

ሁለተኛ፤ ምክንያት ሲናገር ማስረጃውን አብሮ ያቅርብ፤ የትኛው ሣጥን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የመዝገብ መስመር። አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ የገመተውን እንዳረጋገጠው አድርጎ ሊናገር ይችላልና። ደግሞም በመዝገብ ውስጥ ከውጭ ሰው የገባ ጽሑፍ ሊኖር ስለሚችል፣ ያነበበውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ እንዳይቀበል ይደረግ።

ሦስተኛ፤ ሣጥኑ እየተደጋገመ ሲነሣ የቀድሞው መዝገብ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ይቀዳ። «ባለጉዳይ ተሰልፎ ሳለ ማን መዝገብ ይቀዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል፤ ቅጂው በራሱ እንዲካሄድ ከተሰናዳ ግን አገልግሎቱን አያዘገይም። የሰዎች ስምና የመታወቂያ ቁጥርም ወኪሉ ከማንበቡ በፊት ይሸፈን፤ የግል መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ ነውና።

ነገሩ የማሽን ብቻ አይደለም። የዕለት ሥራዋን ትታ፣ የታክሲ ከፍላ የመጣች እናት ያለ ምክንያት «ነገ ይመለሱ» ስትባል ቀኗንም ገንዘቧንም ታጣለች። ምክንያቱ ከታወቀ ግን ሠራተኛው «የቆመው የመታወቂያ ማረጋገጫው ብቻ ነው፤ ሌላውን ጉዳይዎን ዛሬ እንጨርስልዎ» ሊላት ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሲስተም በቆመ ቁጥር «ተነሣ ወይ?» ብለው ብቻ እንዳይተዉት፣ «ለምን ወደቀ? ማስረጃውስ የት አለ?» ብለው እንዲጠይቁ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከቦሌ መድኃኔ ዓለም