ትምህርት ቤታችን በመዋጮ ብቻ አይቆምም፤ ድምፅም ይሰጠን!

ወገኔ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ግድግዳ፣ ስለ ጣሪያና ስለ ዴስክ ነው። ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ልጁን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ስለ አባቶቹ ጀግንነት የሚፎክር ብሔርተኝነት ባዶ ጩኸት ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ያኔ ሁሉም ተማሪውን ሰደበ፣ ሁሉም መምህሩን ወቀሰ። ግን ልጁ ችግሩ የጀመረው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው እንዴ? ብዙው ልጅ ወደ ኋላ መቅረት የሚጀምረው ገና አንደኛ ክፍል ሳይገባ ነው።

አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት 2 ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት ይላል። በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ከተማ ውስጥ ብር ያለው ልጁን ኬጂ ይልካል። የገጠሩና የድሃው ልጅ ዕድሉ «ኦ ክፍል» ነው፤ እሱም ከተገኘ። አብዛኛውን ጊዜ ለትልልቅ ልጆች ከተሠራ ግቢ አንድ የተረፈ ክፍል ይሰጠዋል፤ መጫወቻ የለው፣ ለቁመቱ የሚሆን ወንበር የለው፣ ለሕፃናት የሠለጠነ መምህር የለው። የእኛ ሕዝብ እኮ ልጁን በጠዋቱ ማስተማር ብርቁ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ሕፃን ልጅ የኔታ ደጅ ሄዶ ፊደል ይቆጥር ነበር። ያን ባህል የያዘ ሕዝብ ዛሬ ልጁን የሚያስቀምጥበት ክፍል ሲያጣ ዝም ማለት አንችልም።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። በሰሜን ወሎ፣ በዋግ ኽምራ፣ በሰሜን ሸዋ፣ በደቡብ ጎንደርና በሌሎችም አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ተዘርፈዋል፣ ጣሪያቸው ተገንጥሏል። ያ ሳይጠገን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሌላ ግጭት ተጀመረ፤ ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ውጪ ሆኑ። ስለዚህ መጀመሪያ ለሁሉም ታጣቂ፣ ልብሱ ምንም ይሁን ምን፣ የምንለው አንድ ነው፦ ትምህርት ቤት ካምፕ አይደለም፤ መምህርና ተማሪም ዒላማ አይደሉም። ይህ ካልተከበረ ቀሪው ወሬ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። «በጀት የለም» የሚለውን መልስ ሰምተን ጠግበናል። ከዚያ ምን ይከተላል? መዋጮ! ገበሬው ያዋጣል፣ ነጋዴው ያዋጣል፣ መምህሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ሕዝቡ መስጠት አይሰለቸውም፤ የሚያማርረው ሳይጠየቅ መክፈሉና ብሩ ምን ላይ እንደዋለ አለማወቁ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ቦንድ። ቃሉ ለማናችንም አዲስ አይደለም፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ለተጀመረው የዓባይ ግድብ ከሊስትሮ እስከ ባለሀብት ቦንድ ገዝቷል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም የተገነባው የከተማ አስተዳደሩ ለንግድ ባንክ ቦንድ እየሸጠ ባገኘው ብድር ነው። ለቤት ከተቻለ ለትምህርት ቤት ለምን አይቻልም?

መዋጮና ቦንድ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። መዋጮ ከሰጠህ በኋላ ያበቃል። ቦንድ ግን ዕዳ ነው፤ የሚመለስበት ቀን አለው፣ ወለድ አለው፣ ተጠያቂ አለው። በአሜሪካ ትምህርት ቤት ለመሥራትና ለማደስ በብዛት የሚደረገው ይሄው ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ በምርጫ ድምፅ ይሰጣል፣ ዕዳው ከንብረት ግብር ይከፈላል። በዋሽንግተን ግዛት የትምህርት ቤት ቦንድ ለማለፍ 60 በመቶ ድምፅ ይፈልጋል። ሲያትል ያለው ዜግነት የወሰደ ወገናችን በዚህ ጉዳይ ድምፅ ይሰጣል፤ ቤት ካለውም ግብሩን ይከፍላል። እዚያ የሚጠየቀው ሰው እዚህ ያለው ወንድሙ ለምን አይጠየቅም?

«ሕጉ አይፈቅድም» የሚል ካለ ሕገ መንግሥቱን ይክፈት። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጮች የሚበደሩበትን ሁኔታ የፌዴራሉ መንግሥት በሕግ እንዲወስን ይላል። ማለትም በሩ አለ። መክፈያውስ? በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ከተሜው መክፈሉ ላይቀር፣ የተወሰነው እጅ በስም ለትምህርት ቤት ይታሰርለት።

ግን እንዳንታለል። አንደኛ፣ ቦንድ ግድግዳ ያቆማል እንጂ መምህር አይቀጥርም። የአፀደ ሕፃናት ክፍል ገንብቶ ደመወዝ የሚከፍል ካልተገኘ ክፍሉ መጋዘን ይሆናል። ሁለተኛ፣ ገቢ የሌለው የገጠር ወረዳ ዕዳ መሸከም አይችልም። በጦርነት የፈረሰውን መልሶ መገንባት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ያንን ዕዳ ወደ ገበሬው ማዞር ግፍ ነው። ቦንዱ ገቢ ባላቸው ከተሞች ይጀመር፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ደብረ ብርሃን። እነሱ በራሳቸው ሲችሉ የክልሉ በጀት ወደ ተጎዳው ገጠር ይሂድ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦

1. ከድምፁ በፊት የትኛው ትምህርት ቤት፣ ስንት ክፍል፣ በስንት ብር እንደሚሠራ በየቀበሌው ይለጠፍ።
2. ሕዝቡ በምስጢር ድምፅ ይስጥ። ስብሰባ ጠርቶ አስጨብጭቦ «ሕዝቡ ወስኗል» ማለት ይቅር።
3. ከሚሠራው ውስጥ የቅድመ አንደኛ ክፍሎች ድርሻ አስቀድሞ ይወሰን፤ የመምህራኑ ደመወዝም በዓመታዊ በጀት ይጻፍ።
4. ሂሳቡን ወላጆች የመረጡት ኮሚቴ በየሦስት ወሩ ይመርምር፣ ለሕዝብ ያንብብ።

«ብሩ ይበላል» የምትል ወንድሜ፣ ስጋትህ እውነት ነው። ግን መዋጮውስ እየተበላ አይደለም እንዴ? ሌባን የሚያስፈራው የተለጠፈ ሂሳብና ቆሞ የሚጠይቅ ወላጅ ነው። እናቶቻችን የዕድርና የዕቁብ ብር ሳንቲም ሳትጎድል ይይዛሉ፤ የትምህርት ቤቱን ሂሳብ መቆጣጠር አያቅታቸውም።

ወጣቱ ሆይ፣ ሥራው ከዚሁ ይጀምራል። በዚህ ሳምንት ሰፈርህ ያለው ትምህርት ቤት ሂድ። ስንት ክፍል በዳስ እንደሚማር፣ ስንት ሕፃን ከቅድመ አንደኛ ውጪ እንደቀረ ጠይቅና መዝግብ። ቁጥሩን ይዘህ ቀበሌ ግባ። በኮሜንትም አስቀምጥልን፤ ለሌላውም ሼር አድርግ።

የምንከፍለው እኛ ነን፤ የምንወስነውም እኛ እንሁን!