ደም ማነስ ሁሉ አንድ አይደለም

ቁንዝላ የጣና ዓሣ የሚበላባት ናት። ዓሣ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 አለው። ሆኖም ጨጓራችን ቫይታሚኑን ለሰውነት የሚያቀብለውን ንጥረ ነገር ማመንጨት ካቆመ፣ ዓሣ እየበላንም ደማችን ያንሳል። ሐኪሞች ይህን ፐርኒሺየስ አኒሚያ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1926 ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በጉበት ምግብ ማከም እንደሚቻል እስኪያሳዩ ድረስ ገዳይ ነበር።

ምልክቶቹ ድካም፣ የፊት መገርጣት፣ የምላስ መለስለስና መቅላት፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳት ናቸው። ወላጆቻችን ላይ ስናይ «እርጅና ነው» ብለን አንለፈው። የብረት እንክብል አያድነውም፤ የዘገየ የነርቭ ጉዳትም ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ወስደን ደማቸውን እናስመርምር። የቢ12 መርፌ ከታዘዘላቸውም፣ ተሻላቸው ብለን አናቋርጠው፤ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ሕክምና ነው። አላህ ለሁላችንም ጤናውን ይስጠን።