መድኃኒቱ ጊቫት ኦልጋ ደርሶ ካልተዋጠ ልምምዱ ተሳካ ይባላልን?

ሆስፒታሎቻችን ለባዮሎጂ ጥቃት ያላቸው ዝግጁነት በየጊዜው እንደሚፈተሽ ይታወቃል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ፒኩድ ሃኦሬፍ «ለሃቫ ክቱማ» ወይም ብርቱካናማ ነበልባል እያሉ የሚያካሂዱት ልምምድ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 2010 በቴል አቪቭ አካባቢ የተደረገው ብዙ ተወርቶለት ነበር። በእንዲህ ያለ ልምምድ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ሐኪሙ በሽታውን እስኪጠረጥር ምን ያህል ጊዜ ፈጀ? ለሚኒስቴሩ መቼ ተነገረ? መድኃኒት በሚታደልበት ቦታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው ተስተናገደ?

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም መድኃኒቱ ከአዳዩ እጅ ሲወጣ ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ማን ይቆጥራል?

ሚሳይል ሲመጣ ሳይረን ይጮኻል፤ በጁን 2025ቱ የኢራን ጦርነት እንዳየነው ሳይረኑን ለመረዳት ዕብራይስጥ ማወቅ አያስፈልግም። ለአንትራክስ ግን ሳይረን የለም። በአየር የተነፈሰው ዱቄት በሽታውን ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ስለሚያስነሳ፣ ጤነኛ ሆኖ የሚሰማው ሰው ለ60 ቀን ያህል መድኃኒት እንዲውጥ ይታዘዛል። ይህን ማስረዳት ደግሞ ቃላት ይጠይቃል። አንትራክስ ማለት ወላጆቻችን በጎንደር ከከብት ጋር የሚያውቁት አባ ሰንጋ ነው። «አንትራክስ» ብቻ ከተባለ ብዙ አረጋውያን ምን እንደሆነ አይገባቸውም፤ «አባ ሰንጋ» ብቻ ከተባለም «እኛ እዚህ ምን ከብት አለን? የታመመ ከብት ሥጋስ መች በላን?» ብለው ሊተዉት ይችላሉ። ስለዚህ ወረቀት መተርጎም አይበቃም፣ በሽታው በደብዳቤ ወይም በአየር እንዴት እንደሚመጣም መነገር አለበት።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2001 በአሜሪካ በፖስታ በተላከው አንትራክስ 22 ሰዎች ታመው 5ቱ ሞተዋል። ወደ 10 ሺህ ለሚሆኑ ሰዎች የ60 ቀን መድኃኒት ታዞ ነበር። በኋላ ሲጠና በታዘዘው መሠረት የወሰዱት 44 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። እደላውን ብቻ የቆጠረ ሰው ሥራው ተሳክቷል ይል ነበር። ሌላም አለ። በዋሽንግተን ደብዳቤው በተከፈተበት ቀን፣ ኦክቶበር 15፣ የሴኔት ሠራተኞች መድኃኒት ማግኘት ሲጀምሩ፣ ደብዳቤው ያለፈበት የብሬንትዉድ ፖስታ ቤት የተዘጋው ኦክቶበር 21 ነው። ከዚያ ፖስታ ቤት ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ጥቁሮች ስለነበሩ ቁጣው ከበሽታው ጋር አላለፈም፤ ባለሥልጣናቱ ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን ብዙዎች በጥርጣሬ ነበር የሚሰሙት።

እኛም የራሳችን ታሪክ አለን። በጃንዋሪ 1996 የማህበረሰባችን አባላት የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ ጋዜጣ ሲያወጣ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ጮኋል። ያን ጊዜ ወጣት የነበረ ዛሬ አያት ነው። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው በሩን አንኳኩቶ «ይህን ዋጥ» ሲለው ቢያመነታ ባላዋቂነት ሊቆጠርበት አይገባም። በ2002 እና 2003 ከኢራቅ ጦርነት በፊት በሃገራችን ከ15 ሺህ በላይ የጤናና የነፍስ አድን ሠራተኞች የፈንጣጣ ክትባት ተከትበዋል። ያ ቁጥር የሚያሳየው የሠራተኛውን ዝግጁነት ነው፣ የነዋሪውን እምነት የሚያሳይ ቁጥር ግን አይደለም።

የቁጥር ነገር ከተነሳ፣ በኮሮና ዘመን በ2020 የወጣውን የ«ራምዞር» ዕቅድ እናስታውስ። ቀለም የሚሰጠው በአብዛኛው ለከተማ ነበር። ሃዴራ አንድ ቀለም ካገኘች፣ ጊቫት ኦልጋም በዚያው ውስጥ ትዋጣለች። አማካይ ቁጥር ለከንቲባ ይመቻል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩ አማርኛ ብቻ ለሚሰሙ እናት ግን ምንም አይነግርም።

ደግነቱ መሠረቱ እዚሁ አለ። የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ሐኪም የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ በ1998 ለኢትዮጵያውያን ጤና የቆመውን «ጤና ብሪኡት» የመሠረቱት በዚችው በሃዴራ ነው። ሆስፒታሉም ቢሆን በኦክቶበር 2021 የኮምፒውተር ጥቃት ደርሶበት ሠራተኞቹ በወረቀትና በእስክሪብቶ ሲሠሩ፣ እውነተኛው ፈተና ቀጠሮ ይዞ እንደማይመጣ አይቷል።

ለመለካት ደግሞ ጥቃት መጠበቅ አያስፈልግም። በየበልጉ ሳይሆን በየመከሩ፣ ማለትም ከሱኮት በኋላ፣ ኩፓት ሖሊሞች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይሰጣሉ። በጊቫት ኦልጋ ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት የቤተ እስራኤል አረጋውያን ስንቱ ተከተቡ? መልእክቱን በአማርኛ የሰሙት በስንት ቀን ነው? ከማን ሰሙት፣ ከሬዲዮ፣ ከቄሱ ወይስ ከልጅ ልጃቸው? ያልተከተቡትስ ምክንያታቸው ምንድን ነው? ማዘጋጃ ቤቱና ኩፓት ሖሊሞቹ ይህን በሰፈር ለይተው ቆጥረው ውጤቱን በአማርኛም ቢያወጡ፣ በሚቀጥለው «ለሃቫ ክቱማ» ታዛቢዎቹ ቅጻቸው ላይ የሚጨምሩት አንድ መስመር ይኖራቸዋል።