ፎርማት ከማድረጋችን በፊት እናንብብ



በከተማችን በሰቆጣ ኮምፒውተር ታመመ በተባለ ጊዜ ሁሉ የሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። እኔ ግን ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል ባይ ነኝ።

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የተማሪዎች ጽሑፍ የተቀመጠው ኡቡንቱ በሚባለው ነጻ ሥርዐት በምትሠራ በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። አማርኛና ኽምጣና በደንብ እንዲጻፍባት አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ፓኬጅ በምንጭንበት ሰዓት መብራት ድንገት ጠፋ። ተመልሶ ስንከፍታትም አዲስ ፓኬጅ አልቀበልም አለች። የተጠራው ባለሙያ ነገሩን ሳይመረምር ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ ጫናት። ኮምፒውተሯ ዳነች፤ ጽሑፋችን ግን በዚያው ቀረ። ከጠፉትም አንዱ አያቴ በኽምጣና የነገሩኝ ተረት ነበር። በወረቀት አላስቀረሁትም፤ እርሳቸውም በ2018 ዓ.ም. በመስከረም አረፉ።

ጥፋቱን ሁሉ በባለሙያው ላይ አልጥልም። መድኃኒቱ በስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሳለ እኛም ቆመን አይተን አላነበብነውም።

ፓኬጅ አስተዳዳሪ ማለት እንደ መጋዘን ኃላፊ ያለ ነው። በኡቡንቱ ውስጥ ዲፒኬጂ የሚባለው ዕቃውን ፈትቶ በቦታው ያኖራል፣ በመዝገብም ይጽፋል። ኤፒቲ የሚባለው ደግሞ ዕቃውን ከኢንተርኔት ያስመጣል። ጠላ ያለ ብቅልና ያለ ጌሾ እንደማይጠመቅ ሁሉ አንዱ ፓኬጅም ያለ ሌላው አይሠራምና፣ የጎደለውን አብሮ የሚፈልገው ኤፒቲ ነው። መብራት በመካከል ሲጠፋ መዝገቡ ሳያልቅ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚወጣው መልእክት «ሥራው ተቋርጧል» ካለ በኋላ የሚሰጠውን ትእዛዝ ራሱ ይነግራል፤ እርሱም ሱዶ ዲፒኬጂ ኮንፊገር ኤ ነው። ከዚያ በኋላ የጎደለ ቢኖር የኤፒቲ ፊክስ ብሮክን ትእዛዝ ይሞላዋል። ሁለቱም የተማሪን ጽሑፍ አይነኩም።

ሌላው ደግሞ «መዝገቡ ተቆልፏል» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሯ ራሷን እያደሰች ነውና መታገሥ ይበቃል። ቁልፉን በግድ የሚሰርዙ አሉ፤ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ መዝገብ ላይ ባንድ ጊዜ ሲጽፉ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የሚያስቀው ግን የቀኑ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በጥር፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ እንደ ሳንቲም ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞተችና ቀኑ ወደ ኋላ ተመለሰ። አንድ ጓደኛችን ሊያስተካክል ብሎ በእኛ አቈጣጠር 2017 ብሎ ሞላው። በፈረንጆቹ ግን 2025 ነበር! ኤፒቲም የፓኬጆቹን ዝርዝር «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ መለሰው። በዚህም ምክንያት ፎርማት ልትደረግ ነበር። ቀኑ ቢታረም በደቂቃ ሠራች።

በእንግሊዝኛ ፈተና ረጅም ምንባብ አንብበን እንመልሳለን። ሦስት መስመር መልእክት ሲመጣ የምንሸሸው ለምን ይሆን?

«ኢንተርኔት በሌለበት አገር ከመጠገን ፎርማት ይቀላል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን ሁላችን እናስታውሳለን። ነገር ግን ኤፒቲ ጌት በሚባለው ትእዛዝ የወረዱ ፓኬጆች በዚያችው ኮምፒውተር ተቀምጠው ይቆያሉ፤ በፍላሽ ተቀድተውም ተመሳሳይ ኡቡንቱ ባላት በሌላይቱ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይጫናሉ። ፎርማት የሚደመስሰው እነዚህንም ጭምር ነው። ፈጽሞ አይደረግ አላልሁም፤ ግድ ቢሆን እንኳ ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሥቶ ጽሑፉን አስቀድሞ መቅዳት ይቻላል።

ስለዚህ መምህሮቼን የምለምነው፣ በእያንዳንዷ ኮምፒውተር አጠገብ አንድ ደብተር እንዲቀመጥና የወጣው መልእክትና የተገኘው መፍትሔ በአማርኛና በኽምጣና እንዲጻፍበት ነው። የመጀመሪያውን ደብተር ገዝቼ ሦስት ገጽ ሞልቻለሁ። የባትሪው ነገር በሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።