የ«ባ» ቀኝ እግር

ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ፊደል መጻፍ ይችላል ብለን እናስባለን። አይደለም። እዚህ ጅቡቲ ከተማ የየሱቁ ጽሑፍ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። ልጆቻችን አማርኛን ቤት ውስጥ ይሰማሉ፤ ስልክ ላይ ግን ብዙዎቹ በላቲን ፊደል ይጽፉታል። በራሳችን ፊደል የሚጽፉትም ቢሆኑ «ቢ» እና «ኤ»ን ሲነኩ ስልኩ «ባ»ን ሠርቶ ያቀርብላቸዋል። የ«በ» ቀኝ እግር ሲረዝም «ባ»፣ ግራው ሲረዝም «ቦ» እንደሚሆን ጣታቸው አያውቅም። ድሬዳዋ ያለች አያት የድምፅ መልእክት ይደርሳታል፤ ደብዳቤ ግን ከልጅ ልጇ አይታ አታውቅም።

ስለዚህ የእጅ ጽሕፈት በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ የራሱ ማርክ ኖሮት እስከ 8ኛ ክፍል ይሰጥ እላለሁ።

«ጊዜው ለሒሳብ ቢውል አይሻልም?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። በሒሳብ የማይታሙት ጃፓኖች ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ልጆቻቸውን በብሩሽና በቀለም ጽሕፈት ያስተምራሉ። በአዲስ ዓመት መባቻም የዓመቱን የመጀመሪያ ጽሑፍ በብሩሽ የመጻፍ ልማድ አላቸው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ቁም ጸሐፊዎቻችን የፍየል ቆዳ ፍቀው፣ ብራናውን በወስፌ አስምረው፣ በመቃ ብዕር ጥቁሩን ቀለም ለጽሑፉ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም እያደረጉ መጻሕፍት አቆይተውልናል። በዘመናችን ደግሞ ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በ1972 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በ1980 ደግሞ ዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ኑሯቸው ካሊፎርኒያ ነው። ጃዝ እያዳመጡ ፊደላችንን በሸራ ላይ ይለጥጡታል፣ ይገለብጡታል፣ ይሰባብሩታል። ብዙ ጊዜ የሚነበብ ቃል አይወጣውም፤ የእኛ ሰው ግን ገና ከሩቅ ሲያየው የማን ፊደል እንደሆነ አይስተውም። ሥራዎቻቸው በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ሳይቀር ገብተዋል። እንዲህ አድርጎ ፊደልን መስበር የሚችለው ደግሞ አስቀድሞ አስተካክሎ መጻፍ የለመደ እጅ ብቻ ይመስለኛል።

ከልጆቻችን ሠዓሊ ይውጣ አልልም። ለመጀመሪያ ግን የሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ሲዘጋጅ የ8ኛ ክፍል ገጾች በኮምፒዩተር አይጻፉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በገዛ እጁ የጻፈው፣ ጠማማውም ቀጥ ያለውም፣ እንዳለ ይታተም።